የጥሩምባ ነፊው አረማመድ

ወንጂ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሜቲ፣ ዳሬሰላም

ልጄ ሜቲ፣ የእናትሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ ስምሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ያቺ የማትረባ እግሬም እንደ ልማዷ ናት፤ ብርድ ሲመጣ ታማርራለች፣ ሙቀት ሲመጣም ታማርራለች።

ለምን አትደውልም ብለሽ በፋዲላ በኩል ልከሽብኛል። ስልክ ላይ አንቺ ስትስቂ እኔ ልናገር ያሰብኩት ይጠፋኛል። ስለዚህ በእጄ እጽፋለሁ፤ ፋዲላ ከጎረቤት ብቅ ብላ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጻፊ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝና እንዳታሳፍሪኝ።

ቅዳሜ ዕለት ጨዋታሽን አየነው። ኳስ ማሳያ ቤት እንደማልገባ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ኮቴን ለብሼ ሰንበታ ቤት ሄድኩ፤ ሰንበታም የእድራችን ሊቀመንበር ስለሆነ ግማሹ እድር እዚያው ነበር። ፊት ወንበር ለቀቁልኝ። "የልጅቷ አባት ይቀመጥ" አሉ። አጎት ነኝ ብዬ አላረምኩም።

ግቧ ንጹሕ ነበረች። ኳሷን በደረትሽ አብርደሽ፣ ተከላካይዋን ሸውደሽ፣ በረኛዋ ሳትንቀሳቀስ አስገባሻት። ቤቱ ብድግ አለ። ኳሷን ያቀበለችሽ ልጅ፣ ያቺ ጸጉሯን በአረንጓዴ ጨርቅ ያሰረችው፣ እጇን ዘርግታ ወደ አንቺ መጣች። በጎኗ አልፈሻት ሮጥሽ። በስኳር ፋብሪካው ካምፕ ሜዳ ላይ ስታሠለጥኑኝ የከረማችሁ ሁሉ የምታውቁት አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ግብ ያገባ መጀመሪያ ወደ አቀበለው ይሮጣል። ረሳሽው እንዴ? (አሠልጣኙ እኔ ነበርኩ፤ ትዕግሥት የምታሠለጥኑኝ ግን እናንተ ነበራችሁ።)

ከዚያ ማዕዘኑ ጋ ስትደርሺ ቡጢሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ፣ ጥሩምባ እንደሚነፋ ሰው ጉንጭሽን ነፍተሽ፣ እያነከስሽ ሄድሽ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ የዚህ እድር ጥሩምባ ነፊ እኔ ነኝ። በዚህ ካምፕ ጥሩምባ ይዞ የሚያነክስ ሌላ ሰው የለም። ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝና በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ባልስቅ ያስተዛዝባል። ምን ማለትሽ እንደሆነ ግን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ ያቺ አንድ ወገን ሶሏ ከፍ ያለው ጫማዬ አልቃለች። አዳማ የሚሠራልኝ አብተው ዓይኑ ደክሞ ሥራውን ትቷል። እዚያ ጎበዝ ጫማ ሠሪ ካለ አሠሪልኝ። አይቸኩልም።

ሆሪ ቡሊ ልጄ፤ እርቢ፣ ክረሚ።

አጎትሽ ቀልቤሳ


ዳሬሰላም፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ኤሱማዬ፣

አካም ጅርቱ? ከራስ ጸጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ እንዴት ሰነበቱልኝ? ፋዲላና ልጆቿስ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነትና በእርስዎ ምርቃት ደህና ነኝ። እዚህ ያለው ሙቀት መተሐራን ያስመሰግናል፤ ላቤ እስኪደርቅ ሌላ ላብ ይመጣል።

ሰንበታ ቤት ገብተው አዩኝ ማለት ነው? ደብዳቤዎን ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

ኤሱማ፣ አጎቴ፣ ያደረግሁት ለእርስዎ ነው። የባቱ ልጆች መጥተው የገጠምን ዕለት ትዝ አይልዎትም? ሊያልቅ ሲል አገባሁና እርስዎ ደስታው ቢያሰክርዎት የእድሩን ጥሩምባ አንስተው ነፉት። እነ እትዬ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ማን ሞተ? ማን ሞተ?" እያሉ ሜዳ ድረስ መጡ። እርስዎም "ኧረ ማንም አልሞተም፣ ሜቲ አግብታ ነው" ቢሉ፣ ሰዎቹ "ለማን?" አሉ። እድሩ ጠርቶ ሲገሥጽዎት እንኳን ይስቁ ነበር። እናቴ ስትሞት ከሰማሁት ወዲህ ያን ጥሩምባ ሰምቼ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባገባሁ ቁጥር የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ስለ አረንጓዴዋ ልጅ ልክ ነዎት፤ ኋላ አቅፌ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ግን ኤሱማ፣ ዘጠና ደቂቃ የምሮጠው ለክለቡ፣ ለአሠልጣኙ፣ ለደጋፊው ነው። ካገባሁ በኋላ ያለችው አፍታ ብቻ የእኔ ናት። እሷንም ብቻዬን አልበላኋት፤ ለእርስዎ ሰጠሁ። ይኼ ራስ ወዳድነት ነው?

ጫማዎን አሠራለሁ። ልክዎን መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ሜቲ


ወንጂ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሜቲ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ከሰው አገር ሰው ያርግሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ የባቱውን ቀን አስታውሼ ብቻዬን ስቄአለሁ። ለዚያ መልስ ልጽፍ ስል ሌላ ነገር መጣ።

እትዬ ወለተሥላሴ አረፉ። ጸጉርሽን ይሠሩሽ የነበሩት፣ ነፍሳቸውን ይማር። ንጋት ላይ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው የቤቶች መስመር ላይ ነፍቼ፣ ስማቸውን ጠርቼ፣ የቀብሩን ሰዓት ተናግሬ ወደ ሁለተኛው ስሻገር ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። የካምፑ ልጆች ተሰልፈዋል። ቡጢያቸው አፋቸው ላይ ነው፣ ሁሉም ያነክሳሉ፣ "ሜቲ! ሜቲ!" ይላሉ። ብቆጣቸው ይብስ ሳቁ። በዚያ ሁኔታ የሟች ልጅ በር ላይ ደረስን። ለቅሶዋን አቋርጣ እኔን አየች፣ እነሱን አየች፣ "ጋሽ ቀልቤሳ፣ እናቴ ሞታ ነው ወይስ ግብ ገብቶ ነው?" አለችኝ።

ሜቲ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰድበውኛል። በልጅነቴ ከአገዳ ጭነት ላይ ወድቄ እግሬ ከተሰበረ ጀምሮ ያላወጡልኝ ስም የለም። ጥሩምባውን ከያዝኩ በኋላ ግን ሰው አረማመዴን ማየት ትቶ ነበር። እኔ ስመጣ የሚሰማው የሟቹ ስም ነው። ኮፍያውን ያወልቃል፣ ሬዲዮኑን ያጠፋል። እኔም አንካሳ መሆኔን እረሳለሁ። ያለኝ ይኸው ነው፤ ሌላ ሹመት የለኝም።

ሰንበታ ቤት በአንቺ ነገር ይከራከራሉ። ሰንበታ "ልጅቷ ደስ ብሏት ነው፣ ምን ይጠበስ? ጨዋታ አይደለም እንዴ?" ይላል። ኢተፋ ደግሞ፣ አገዳ ሲቆርጥ የኖረው ጓደኛዬ፣ "አንዷ ታገባለች እንጂ ግቡ የአሥራ አንዱም ነው፤ ለብቻ መጨፈር ምን የሚሉት ነው?" ይላል። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ በራሴ እግር ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንድም ሰው እኔን አልጠየቀኝም።

ነገሩ እዚያ ቢቀር ምንም አልነበረም። አሁን ግን "በጥሩምባው ቦታ ኢዩ የሚነዳው ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ እንስቀል፣ ለቅሶ መሣቂያ ሆነብን" የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ጥር መጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል።

ጫማው ይቅርብኝ። በጫማው ፈንታ ይህን አድርጊልኝ፤ ሁለተኛ እንዳታነክሺ። እንደ ልጅ ጨፍሪ፣ ተንከባለይ፣ ከፈለግሽ ወደ ሰማይ ጠቁሚ። ጥሩምባውንና እግሬን ግን ተይልኝ። ቶሎ መልሺልኝ።

አጎትሽ ቀልቤሳ


ዳሬሰላም፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ኤሱማዬ፣

እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረስዎ። ስለ እትዬ ወለተሥላሴ አልቅሻለሁ፤ ለልጃቸው እግዚአብሔር ያጽናሽ ይበሉልኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ልምምድ ነበረን፤ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱን፤ ከዚያ ደግሞ እጄን አመመኝ። ብቻ ዘገየሁ።

ኤሱማ፣ ሁለተኛ አላደርገውም። ካደረግሁት የእናቴ አጽም ይፋረደኝ። ልጆቹ እንደዚያ ይሆናሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እድሩም እንዳይቀየምዎት ይህን ይንገሩልኝ።

ጫማውን ግን አልተውኩም። ባለሙያዎች ናቸው የሚሠሩት፣ እርስዎ ካዩት ሁሉ የሚበልጥ ነው። እዚህ አብራኝ የምትጫወት የአዳማ ልጅ በመጋቢት ስትመጣ ይዛልዎ ትመጣለች።

ወደ አዳማ ብዙ ይወጣሉ እንዴ? ለእግርዎ ባይወጡ ይሻላል፤ ጫማውን ፋዲላ ልትቀበልልዎ ትችላለች። ደግሞ በየሰው ስልክ የሚያሳዩዎትን ሁሉ አይመልከቱ። ዓይንዎን ያደክማል።

ልጅዎ ሜቲ


ወንጂ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሜቲ፣ ተባረኪ። እናትሽ ቀና ብላ ብታይሽ እንዴት ደስ ባላት። የወለድሽው ይባረክ፣ የነካሽው ይለምልም።

ጉባኤው ተደረገ። የባጃጁ ነገር ሲነሳ እጄን አወጣሁ። በዚያ እድር ውስጥ የሰው ስም እንጂ የራሴን ጉዳይ ተናግሬ አላውቅም። "ልጄ በእናቷ አጽም ምላለች፤ ከእንግዲህ አይደገምም፤ ልጆቹም ይረሱታል" አልኩ። ሰንበታ "ዋስ ትሆናለህ?" አለኝ። "እሆናለሁ" አልኩ። ኢተፋ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሌላውም አጨበጨበ። ጥሩምባው ይቆይ ተባለ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ባለፈው ጨዋታ ሳታገቢ ስትወጪ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ኳሷ ወደ አንቺ በመጣች ቁጥር ልቤ ስትመታ ነበር። አሁን ግን ቃልሽን ስላመንኩ አግቢ እላለሁ። አግቢና ወደ አረንጓዴዋ ሩጪ።

የጫማውን ነገር ስትጽፊ ሰው ከመሆኔ በላይ ሰው አደረግሽኝ። ፋዲላን አላስቸግርም፤ ራሴ አዳማ ወጥቼ እቀበላለሁ።

አጎትሽ ቀልቤሳ


ወንጂ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሜቲ፣ እንደምን አለሽ?

የየካቲቱን ደብዳቤ በደረሰ ዕለት እንዳነበብሽው የፋዲላ ስልክ ይናገራል። እኔ ደግሞ "ልምምድ ይዟት ነው" እያልኩ ስከላከልልሽ ከረምኩ። ፋዲላም ወሬ ትለውጥብኛለች። አሁን ሳስበው ቀድማ አይታው ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት አዳማ ሄድኩ። ጓደኛሽ መናኸሪያው አጠገብ ጠብቃኝ ካርቶኑን ሰጠችኝ፣ እጄን ስማ ሄደች። ለመክፈት ቸኩዬ አደባባዩ ጋ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ሕንፃ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ቴሌቪዥን ውስጥ አንቺ አለሽ።

አሮጌ ኮት ለብሰሻል። እንደ እኔው ኮት እጅጌው ተጠቅልሏል። አሮጌ ጫማ አድርገሻል፣ ጥሩምባ ይዘሻል፣ ታነክሻለሽ። ሰዎች በየበሩ ሆነው ይስቁብሻል። ከዚያ ጥሩምባውን ትወረውሪና አዲስ ጫማ ትጫሚያለሽ፤ ቀጥ ብለሽ ትሮጫለሽ፣ ግብ ታገቢያለሽ። ከሥር "ማነከስ ቀረ" የሚል ተጽፏል። አጠገቤ የነበሩ ወጣቶች ሳቁ። አንዱ ዞር ብሎ እኔን አየና ሳቁን ዋጠ። ያ ከሳቁት ይልቅ ጎዳኝ።

አልቆ ሲጀምር፣ አልቆ ሲጀምር ተቀምጬ አየሁት። ኋላ ካርቶኑን ከፈትኩ። ያው የማስታወቂያው ጫማ ምልክት አለበት። ያማረ ቆዳ ነው፣ ስፌቱ ንጹሕ ነው፣ ከፍ ያለው ሶል በጥንቃቄ ተሠርቷል። የተሠራው ለቀኝ እግር ነው።

ሜቲ፣ እኔ የማነክሰው በግራዬ ነው።

ያኔ ቴሌቪዥኑን እንደገና አየሁት። እውነትም በቀኝሽ ነው የምታነክሺው። ከመጀመሪያም በቀኝሽ ነበር፤ ሳቁ አደናግሮኝ አላስተዋልኩትም። እናትሽን ከቀበርን በኋላ ከእኔ ቤት ነው ያደግሽው። ጫማዬን በየማታው የምታወልቂልኝ አንቺ ነበርሽ። በሰው አገር ያለ ጫማ ሠሪ ቢሳሳት አይደንቀኝም። አንቺ ግን እኔን ሳታይኝ ነው እኔን የሆንሽው።

የእድሩን ነገር ልንገርሽ። ማስታወቂያውን ሁሉም በየስልኩ አይቶታል። በማግስቱ ሰንበታ ሊነግረኝ ቤቴ ድረስ መጣ። "ቀልቤሳ፣ ዋስ ሆነህ ነበር" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ባጃጁ ላይ ድምፅ ማጉያው ተሰቅሏል። ጥሩምባውን "ለመታሰቢያ ያዘው" ብለው ተውልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ስትምይ ይኼ ነገር ተቀርጾ ነበር ወይስ አልተቀረጸም?

ቀልቤሳ


ዳሬሰላም፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ ኤሱማዬ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም። እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ተቀርጾ ነበር። ውሉን የፈረምኩት ኅዳር ላይ፣ የእትዬ ወለተሥላሴን መርዶ ከመስማቴ በፊት ነው። ያ ጭፈራዬ በየስልኩ ሲዞር አይተው የጫማ ድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው መጡ። መጀመሪያ ላይ "ያጎቴን እግር አይቶ ዓለም ተደሰተ" ብዬ ኮራሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቀረጻው አልቆ ነበር። ልነግርዎ ብዬ ስጀምር ወረቀቱን እቀድዳለሁ፣ ስጀምር እቀድዳለሁ። ኋላ "እኔ የማልኩት ሜዳ ላይ አላደርግም ብዬ ነው" ብዬ ራሴን አታለልኩ። ወንጂ ባይደርስስ አልኩ። ሞኝነቴን አየሁት፤ ወንጂ የማይደርስ ነገር የለም።

"ማነከስ ቀረ" የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም። ጥሩምባውንም መወርወር አልፈለግሁም ነበር፤ "ያስቃል" አሉኝ፣ ወረወርኩት። ማስተባበያ እየሰጠሁ እንዳይመስልዎት። እየሰጠሁ ነው መሰለኝ።

እግርዎን የተሳሳትኩት ሁልጊዜ ፊት ለፊት ስለምመለከትዎት ነው። ሜዳ ዳር ቆመው እኔ ወደ እርስዎ ስሮጥ ያየሁትን ነው ያደረግሁት፤ በመስታወት እንደሚታይ ተገለበጠብኝ። ጫማዎን አወልቅ የነበረውስ? አላውቅም። ዓይኔ ፊትዎ ላይ ነበር።

ኤሱማ፣ የከፋው ሌላ ነው። ውሉ ባገባሁ ቁጥር ያንን እንዳደርግ ያስገድደኛል። እስካሁን ስላላገባሁ አልደረሰብኝም። አሠልጣኛችን ኳስ ሲመጣልኝ ለምን እንደምሸሽ ግራ ገብቶታል። ሰኔ ላይ የዋንጫው ጨዋታ አለ። አግብቼ ብጨፍር የእናቴን አጽም እከዳለሁ፤ ባልጨፍር ውሉን አፈርሳለሁ፤ እንዳላገባ ብሸሽ ደግሞ እነዚያን አሥሩን ልጆች እከዳለሁ። የራሴ አፍታ ናት ያልኳትን ለሰው ሸጬያት ቁጭ አልኩ።

ምን ላድርግ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ። ብቻ አይጥፉብኝ።

ልጅዎ ሜቲ


ወንጂ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሜቲ፣

ኢተፋ ሞተ። እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ባጃጁ እየከነፈ አለፈ፤ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፤ ፋዲላ "ማን አለ? ኢተፋ ነው ወይስ ኢዩ?" ብላ ከግቢ ጮኸችብኝ። ኢዩማ ነጂው ነው። የጓደኛዬ ስም በበሬ ላይ በጭስ አለፈ። ተነስቼ ልጠራው ፈለግሁ፤ የምጠራበት ሥራ የለኝም።

እውነቱን ስለጻፍሽ ዋሸሽኝ አልልም። ተቀይሜሻለሁ። ይህን በጨዋ ቃል የምጽፍበት መንገድ አጣሁ። እነዚያ ልጆች ከኋላዬ ሲያነክሱ ልጆች ናቸው ብዬ ተውኩ። ሰንበታ ሲስቅ ሰንበታ ነው ብዬ ተውኩ። አንቺን ምን ብዬ እንደምተው አላውቅም።

ምን ላድርግ ብለሽ ጠይቀሻል። ስትፈርሚ አልጠየቅሽኝም፤ አሁን ፈቃድ ሰጪ አታድርጊኝ።

ጫማውን አልመለስኩም። በቀኙ የሚያነክስ ሰው ከተገኘ እሰጠዋለሁ።

ጥሩምባውን ግን ወደዚያ በምትመለሰው በአዳማዋ ጓደኛሽ ልኬልሻለሁ። አረማመዴን ወስደሻል፣ ኮቴን አስመስለሽ ለብሰሻል፤ የቀረው እሱ ነበር። ከእንግዲህ ቡጢሽን አፍሽ ላይ ማድረግ ይቅር። የእናትሽን ሞት የነገርኩበት፣ ያን የባቱ ቀን ደግሞ የሳቅንበት ራሱ ነው። አፉ ላይ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል፤ በግራ ጉንጭሽ በኩል ያዢው።

አንድ ነገር ማንም አልነገረሽም፤ አንቺም አላየሽም። እኔ እየሄድኩ ነፍቼ አላውቅም። በየደጃፉ እቆማለሁ። አጭሯን እግሬን ድንጋይ ላይ አሳርፌ፣ ወገቤን አስተካክዬ፣ እንደ ሰው ሁሉ እኩል ሆኜ ነው የምነፋው። የሰው ስም ስጠራ አንካሳ ሆኜ አላውቅም። የእናትሽንም ስም የጠራሁት እንደዚያ ቆሜ ነው።

ስትነፊው ቁሚ።

ቀልቤሳ